የታጠበው ወለል

አማቻችን በጊንጥ የተነደፈው በፋሲካ ማግስት ጠዋት ነው። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያጠልቅ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ባለቤቴ ግን ሳሎን ውስጥ፣ ጫማውን ከሶፋው ሥር ስቦ አውጥቶ ሲያደርግ ነው ትላለች። ሁለታችንም በቦታው ነበርን፤ ሁለታችንም እርግጠኞች ነን። የእኔ እርግጠኝነት ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚያስተማምን ነገር መሆኑ ስለ ቀረ፣ ጊንጡ የተገኘው ቤት ውስጥ ነው ብሎ መያዙ ሳይሻል አይቀርም። የማንከራከርበት ነገር ቢኖር ሰውየው አለመጮኹ ነው። እግሩን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ፣ "ምንም አይደለም" እያለ ላብ በላብ ሆነ። ጤና ጣቢያ ወስደነው ማስታገሻ ተወጋ፤ ሕመሙ ግን እስከ ማግስቱ አልለቀቀውም። ከልጃችን ጋር ወደ ሰመራ ሲመለሱ እያነከሰ፣ መስተንግዷችንን አመስግኖ ሄደ።

ጨዋ ሰው ስለሆነ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣብንም። ያነሣው ልጃችን ካረገዘች በኋላ ነው።

ያለችን አንድ ልጅ ናት። ሰመራ ታስተምራለች፤ ባሏም እዚያው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። ባለቤቴ እርግዝናውን ከሰማችበት ቀን ጀምራ ልጅቷ እኛ ቤት፣ አዋሽ ሰባት መጥታ እንደምትታረስ ቆርጣ ነበር። እርሷ ራሷ የወለደችው መልካ ወረር፣ በጥጥ እርሻው የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ስንኖር ነው። እናቷ ደገኛ ስለ ነበሩ ሙቀቱንና ወባውን ፈርተው ሊመጡ አልቻሉም፤ የጎረቤት ሴቶች ጠዋትና ማታ ብቅ እያሉ ረዷት፣ በቀረው ሰዓት ግን ብቻዋን ነበረች። "አራስነቴን ቆሜ ነው የጨረስኩት" ትል ነበር፤ የምትለውም እንደ ቀልድ አድርጋ ነው። ለልጇ ይህ እንዳይደርስባት ማሰቧን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ መናገርም አላስፈለጋትም።

አማቻችን የደወለው ለእርሷ ሳይሆን ለእኔ ነው። ከብዙ ሰላምታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባባ፣ የእኔን እግር አልቆጥረውም። ሕፃን ግን የት እንዳመመው አይናገርም" አለኝ። ቤቱ በባለሙያ መታየቱን፣ መድኃኒትም መረጨቱን እስካላወቀ ድረስ ልጃችን ሰመራ ብትቀር እንደሚመርጥ አስረዳኝ። ባለቤቴ ወደ ሰመራ እንዳትሄድ ደግሞ የደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሟም የዚያን አገር ሙቀት ከከለከላት ቆይቷል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ቤታችን ከጊንጥ ካልጸዳ ባለቤቴ ልጇን አታርስም።

ሙያዬ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም፤ ሰፈሩም ሲስቅብኝ የኖረው በዚሁ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጥጥ ተባይ ሳጠና ነው የኖርሁት። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ባሏ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳ ሴት ናት፤ "ጋሼ የጥጡን ትል ጨርሰው የቤታቸው ጊንጥ አቃታቸው" እያለች ታወራብኛለች። ጊንጥ ከነፍሳት ወገን አለመሆኑን፣ ስምንት እግር እንዳለውና ዝምድናው ከሸረሪት ጋር መሆኑን አንድ ጊዜ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። "እግሩን ቆጥረው ከጨረሱ አሁን ይግደሉታ" አለችኝ።

በከተማው የተለመደው መፍትሔ በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ስም ያልተጻፈበት የእርሻ መድኃኒት ከገበያ ገዝቶ በየጥጉ ማርከፍከፍ ነው። ብዙ ቤት እንዲሁ ያደርጋል። እኔ ግን የዚያን ጠርሙስ ክዳን ከፍቼ ሳሸተው ለሜዳ እንጂ ለመኝታ ቤት የተሠራ ነገር አለመሆኑን ስለማውቅ እንቢ አልሁ። ከአዳማ እየመጣ በየቤቱ ተባይ የሚከላከል ድርጅት መኖሩን ያገኘሁት በስልክ እያጠያየቅሁ ነው። ከመስማማቴ በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደ ደወልሁላቸው አላስታውስም፤ እነርሱ ግን ሳያስታውሱት አይቀሩም።

የመጣው ባለሙያ ኬሚስትሪ የተማረ፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ነበር። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ግድግዳ ላይ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ለሕፃን ምን ያህል እንደሚያሰጋ ተራ በተራ ጠየቅሁት። "አባባ፣ ፈተና መኖሩን ቢነግሩኝ አጥንቼ እመጣ ነበር" ብሎ ጣሳውን አቀበለኝ። ጽሑፉን በማጉያ መነጽር እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ለቤት የተፈቀደ፣ ከደረቀ በኋላ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ ዓይነት ነው። ረካሁ፤ ወይም መርካት የሚገባኝን ያህል ረካሁ።

ከዚያ የከሰል ማስቀመጫ ክፍሉን እንድናሳየው ጠየቀን። መስኮት የለውም። በሩን ዘግቶ ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ አበራ። ጊንጥ በእንዲህ ያለ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ እንደሚያበራ ከመጽሐፍ ማወቄ እውነት ነው፤ በገዛ ቤቴ ከከሰሉ ጆንያ አፍ ላይ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ፣ ከጣሪያው ማገር ሥር ሲያበራ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። "ተከራዮችዎ እነዚህ ናቸው" አለ ባለሙያው። ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ለረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያም ወጣች። በዚያን ጊዜ የፈራች መስሎኝ ነበር።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። የከሰሉ ጆንያ ወጥቶ ከቤቱ ርቆ በብሎኬት ላይ ተደረደረ፤ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የነበረው የድንጋይ ክምር ወደ አጥሩ ተወሰደ፤ በየበሩ ሥር ጎማ ተመታ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ወንፊት ገባለት። የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ በሲሚንቶ እንዲደፈን ባለሙያው ነግሮኝ ይህን ለእኔ ተወልኝ። ከሁሉም በኋላ ሁለት ሆነው የቤቱን ግድግዳ እግር ከውስጥም ከውጪም፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሥር ሳይቀር ረጩት። እኛ እስኪደርቅ ድረስ ጎረቤታችን ግቢ ተቀምጠን ዋልን። እርሷ ባለሙያውን በአጥሩ ላይ አስጠርታ፣ ጊንጥ የሚያባርር ሰው ባል የሚመልስ መድኃኒት ይጠፋዋል ወይ ብላ ጠየቀችው፤ የእርሷው ጅቡቲ በሄደ ቁጥር ይቆይባታል። "እኛ የተማርነው ማባረሩን ብቻ ነው፣ እትዬ" አላት፤ ግቢዋ የነበሩት የሰፈሩ ሴቶች ሳቁ፤ ባለቤቴም አብራ ስትስቅ አይቻለሁ።

ሊሄድ ሲል ባለሙያው በር ላይ ለብቻዬ አስቆሞ ዋናውን ነገር ነገረኝ። "መሐል መሐሉን መጥረግ ይቻላል። ጥጋጥጉን ግን ለጊዜው ውኃ እንዳይነካው። ከታጠበ ዛሬ የሠራነው አብሮ ይታጠባል።"

ይህን ለባለቤቴ ነግሬአታለሁ? ነግሬአታለሁ ብዬ ነው የማምነው። ባሰብሁት ቁጥር የሚታየኝ ሥዕል አንድ ነው፦ እርሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ ከፊቷ ቆሜ የባለሙያውን ቃል እደግምላታለሁ፤ የኒሙ ዛፍ ጥላ ትከሻዋ ላይ አርፏል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትዝታ የለኝም። ነገር ግን ኒሙ ሥሩ አጥሩን እየገፋ ስላስቸገረን ያስቆረጥነው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። በሌለ ዛፍ ጥላ ሥር የተነገረ ቃል በእውነት ተነግሯል ብሎ መማል የሚችል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጃችንን ላመጣ ሰመራ ሄድሁ፤ አማቻችን ከሥራ ፈቃድ አላገኘም ነበር። ቤታቸው ገብቼ ውኃ ጠጥቼ ሳልጨርስ ስለ ቤቱ ጠየቀኝ። መረጨቱን፣ እኔ ራሴ ቆሜ ማየቴን፣ የመድኃኒቱንም ዓይነት ነገርሁት። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ "እንግዲህ የእርስዎ ቃል ይበቃኛል" አለ። በማግስቱ ገና በጠዋቱ በሚኒባስ ተነሣን። ልጄ እግሯ አብጦ ስለ ነበር በየመንገዱ እያስቆምን፣ ገዋኔ ላይ ጥላ ሥር አረፍ ብለን፣ ተሳቢዎቹን እየቀደምንና እየተቀደምን አዋሽ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በመንገድ ላይ በጣም የምትፈራው ምጡን ሳይሆን ያንን አረንጓዴ ነገር እንደሆነ ነገረችኝ፤ እናቷ በስልክ ገልጻላት ኖሯል። ሁሉም ነገር መልክ ይዟል ብዬ አረጋጋኋት።

የግቢውን በር ስከፍት ያሸተተኝ የዱቄት ሳሙናና የኖራ ሽታ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ሰፈር ያለነው ከየአገሩ የመጣን ሰዎች ነን፤ ከወሎም ከሸዋም ከጉራጌም የመጣ አለ፤ እዚሁ ተወልደው ያደጉ የአፋር ቤተሰቦችም አሉ። ከመጣነው ሰዎች እናቱ ወይም እህቱ በቅርብ ያለችው ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ልጅ ልትታረስ ስትመጣ ዘመድ መሆን ያለበት ሰፈሩ ነው፤ የሚጀምረውም ቤቱን በማጠብ ነው። ሴቶቹ በቀጠሯቸው ቀን ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ይመጣሉ፤ ዕቃው ሁሉ ይወጣል፤ ወለሉ ከጥግ እስከ ጥግ በሳሙና ይፈገፈጋል፤ የግድግዳው እግር ኖራ ይቀባል። ይህን ያልተደረገላት እናት በሰፈሩ እንደ ተተወች ትቆጠራለች። ከሰመራ ስንመለስ በዋልንበት በዚያው ቀን ሴቶቹ ይህንኑ ለባለቤቴ አድርገውላታል። ሲሚንቶው ወለል በየጥጉ ገና እርጥብ ነበር። ጎረቤታችን እጅጌዋን እንደ ሰበሰበች ወጥታ ልጄን አቅፋ ሳመቻትና፣ "ጋሼ፣ ቤትዎን አበራንልዎ" አለችኝ። አመሰገንኋት። ሌላ ምን ልላት እችል ነበር?

ልጄ ጋደም ስትል ባለቤቴን ተከትዬ ማድ ቤት ገባሁ። እርሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ቀና አላለችም።

"ወለሉን አጠባችሁት" አልኋት።

"አጠብነው።"

"ጥጋጥጉንም?"

"ጥጋጥጉን ነው ያጠብነው። መሐሉማ ምን ሆነ?"

ስጠይቃት የፈራሁት መልሱን ይሁን ራሴን በእርግጥ አላውቅም። "አልነገርሁሽም ነበር?" አልኋት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ነግረኸኛል። እዚያ በረንዳው ላይ። ሰምቻለሁ።"

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ትዝታዬ፣ ዛፉን ከየትም ያምጣው፣ አላሳተኝም። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረችው ነገር የገባኝ። አውቃ ነው ያደረገችው።

የሚቀጥለውን ቃሏን ከነአነጋገሯ ለመጻፍ እሞክራለሁ። "ወረር ሳለን አውሮፕላኑ ጥጡ ላይ ረጭቶ ካለፈ በኋላ የልጄን ጨርቅ ከገመድ ላይ አውርጄ እንደገና አጥብ ነበር። ሁላችሁም መስኮት ዝጉ እንጂ ምንም አይደለም ትሉ ነበር። ምንም ላይሆን ይችላል፤ እኔ ግን አጥብ ነበር። ጊንጡን አየዋለሁ፣ እገድለዋለሁ። የማላየውን ነገር ሕፃን ከሚተኛበት ሥር አድርጌ እንዴት እተኛለሁ?"

ታዲያ ሲረጭ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

"አማችህ ካልተረጨ አትመጣም አለ። ተረጨ። መጣች።" ቢላዋውን መልሳ አነሣች።

ሴቶቹ ባልዲ ይዘው በር ላይ ሲቆሙ እንዳላስገደዷት፣ ይልቁንም ቀኑን የቆረጠችላቸው እርሷ ራሷ እንደሆነች በኋላ ነገረችኝ። እኔ የኖርሁት መጠን በመለካት ነው፤ ይህን ያህሉ ይገድላል፣ ይህን ያህሉ አይጎዳም እያልሁ። ያነበብሁት ጽሑፍ ትክክል እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ። ሆኖም ያንን ሁሉ ዘመን ከቢሮ ስመለስ ገመዱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቶ ማየቴን ለማስታወስ ሞከርሁ፤ ምንም አልመጣልኝም። በየቀኑ ከፊቴ የነበረ ነገር ነው፤ አንድም ምስል የለኝም።

ቢሆንም ቃሌን ለአማቼ ሰጥቻለሁ፤ ልጄም ጥበቃ አለኝ ብላ በገባችበት ቤት ጥበቃው የለም። ነገሩ ለልጃችን ሳይነገር እስከ ማግስቱ መሰንበት እንደሌለበት ለባለቤቴ ነገርኋት። "ትተኛና ጠዋት እኔው እነግራታለሁ" አለች። "አንተ ስትጀምር መግቢያው ይረዝማል።"

ጠዋት ነገረቻት። ልጄ የእናቷን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማች፤ አልጋው ላይ እንዳለች እግሯን ወደ ላይ ሰበሰበች፤ ዓይኗ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሲዞር አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?" አለችኝ። መድኃኒቱ በአግባቡ ከተረጨ ለሕፃን የሚያሰጋው በጣም አነስተኛ መሆኑን፣ ጊንጥን በተመለከተ ግን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የእናቷም ሥጋት መሠረት የሌለው ነው ለማለት እንደማልደፍር አስረዳኋት። እናቷና እርሷ ተያዩ። "ይኼንን መልስ ይዘሽ ሂጂ እንግዲህ" አለቻት ባለቤቴ፤ ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

ለባሏ ራሷ ደወለች። በሩን ዘግታ ስለ ነበር የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ረጅም ነበር፤ አንድ ጊዜም ማልቀሷ ተሰማኝ። ስትወጣ ስልኩን ለእናቷ አቀበለቻት። ባለቤቴ ቆማ ነው ያናገረችው። ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ ወቀሳውን ግን ሳታቋርጥ ሰማችው፤ ይህ ለእርሷ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ፣ "ልክ ነህ፤ አታለልኳችሁ። ትወሰድ ካልክ መጥተህ ውሰዳት። እኔ ግን ውስጡን አላስረጭም" አለችው።

አማቻችን ቅዳሜ መጣ። ሻንጣ ሊጭን እንደሚመጣ ሰው መኪና ተከራይቶ ነው የመጣው። ቤቱን ከውጪም ከውስጥም ዞረው፤ የበሩን ጎማ በጣቱ ነካካ፤ ወንፊቱን አየ፤ የተነሣውን የድንጋይ ክምር ቦታ አየ። ከዚያ ለአዳማው ባለሙያ እንድደውል ጠየቀኝና ስልኩን ተቀብሎ እርሱ ራሱ አናገረው። የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ውጪው፣ የከሰል ቤቱና የመጸዳጃው ጉድጓድ ብቻ ደግመው ቢረጩ፣ ውስጡ ደግሞ ስንጥቁ ሁሉ ቢደፈን ምን ያህል ይሻላል? ባለሙያው የሚሻለው ሁለቱም መሆኑን፣ ካልሆነ ግን ይህ ከምንም እንደሚበልጥ መለሰለት። አማቻችን ወደ ሚስቱ ዞረ።

ልጄ እስከዚያ ድረስ ከበረንዳው አልተነሣችም ነበር። "ሰመራ ብመለስ ማን ያርሰኛል?" አለችው። "አንተ ቢሮ ነህ። እናቴ ብትዋሸኝም እናቴ ናት፤ እዚህ እቆያለሁ። አልጋው ግን ከግድግዳ ይራቅ።"

መኪናውን ባዶውን መለሰው። አልጋውን እኔና እርሱ ተሸክመን ወደ ክፍሉ መሐል አወጣነው። ባለሙያው በማግስቱ ሲመጣ ባለቤቴ በርጩማ አውጥታ የቤቱ በር ደፍ ላይ ተቀመጠች። "እናቴ፣ በረኛ ሆኑብኝ" አላት። "ውጪው ሰፊ ነው፣ ልጄ፤ ሥራህን ሥራ" አለችው። እስኪጨርስ ከዚያ አልተነሣችም። አማቻችን ወደ ሰመራ ሲመለስ እኔን ምንም ቃል አላስገባኝም። ለእርሷ ነው፣ "እማማ፣ አደራ" ያላት።

የልጅ ልጃችን በሰላም ተወለደች። በእነዚያ ሳምንታት ባለቤቴ ማታ ማታ የአልጋውን አንሶላና ብርድ ልብስ አንድ በአንድ አራግፋ፣ አጎበሩን ዙሪያውን ሸጉጣ፣ ከአልጋው ሥር በጉልበቷ ተንበርክካ ሳታይ አንድ ሌሊት አላደረችም፤ ደም ግፊቷን እያሰብሁ እኔ ልይልሽ ስላት አታይም ትለኛለች። አንድ ጊንጥ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ሞቶ አግኝቻለሁ። መድኃኒቱ ይግደለው፣ የጎረቤት ዶሮ፣ ላረጋግጥ አልቻልሁም። ቤት ውስጥ አንድም አልታየም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላየንም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም።

የእኔ ድርሻ ስንጥቁ ነበር። ባልዲ ውስጥ ሲሚንቶ አቡክቼ የቤቱን ዙሪያ ከውጪ እየተንበረከክሁ እደፍን ነበር፤ አንዱን ስጨርስ ሌላው ይታየኛል። አንድ ቀን ከአራሷ ክፍል መስኮት ሥር ደርሼ አሮጌውን ልስን በመዶሻ ስቀረፍ ከውስጥ ግድግዳው ተንኳኳ።

"ቀስ በል" አለች ባለቤቴ። "አሁን ገና ነው የተኛችው።"

መዶሻውን አስቀምጬ በጣቴ መቀረፍ ጀመርሁ።